ወረቀት የሚያድርበት ቤት

የእህቴ ልጅ ሶፍትዌር ይሠራል። ባለፈው ዓመት ለቤት አከራዮች የሚሆን መተግበሪያ ጀመረ፤ ውል የሚመዘግብ፣ ኪራይ መከፈሉን የሚያረጋግጥ፣ ግብር የሚያሰላ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሰነዱን አሰልፎ የሚያሳይ። ኮዱ አልቸገረውም፤ የቸገረው ስያሜው ነው። «ጋሼ፣ ማሽኑ ለአንድ ነገር አንድ ስም ይፈልጋል፤ እኔ ለአንዱ ነገር ሦስት ስም አገኛለሁ፣ ለሦስቱ ነገር ደግሞ አንድ» ብሎ አርባ ያህል ቃላት የሰፈሩበት ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የአንድ ከሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ቃል መምረጡ ቀላል ነበር። ያዘገየኝ እያንዳንዱ ቃል የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ መከተሉ ነው።

ዝርዝሩ የሚጀምረው ከአዋጁ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ በአፍ ያልቅ የነበረው ነገር ወደ ጽሑፍ ገብቷል። ውሉ ይጻፋል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ገንዘቡም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ያልፋል። ልጁ እነዚህን አምስት ነገሮች በአምስት ሳጥን ከፋፍሏቸዋል። እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው ቃል ማለፍ አቃተኝ።

«አዋጅ»። በጥንቱ አጻጻፍ በዐይኑ «ዐ» ነው፤ ሥሩ መዞር ነውና። ግዕዝ «ዖደ» ሲል ዞረ ማለቱ ነው፤ «ዐዋዲ» እየዞረ የሚያሰማ ሰው ነው። አማርኛ የመጨረሻዋን «ዲ» ወደ «ጅ» አለዘባት፤ ወላዲ ወላጅ፣ ፈራዲ ፈራጅ እንደሆነ ሁሉ ዐዋዲም ዐዋጅ ሆነ። ወላጅና ፈራጅ ሰው ሆነው ቀሩ፤ ዐዋጅ ግን ሰውነቱን ጥሎ የሚያሰማው ነገር ራሱ ሆነ። ከዚሁ ሥር በሬዎች የሚዞሩበት ዐውድማ፣ ዞሮ የሚመጣው ዐውደ ዓመት፣ በቃል ዙሪያ ያለው ዐውድ ወጥተዋል። አዋጁ የሚታተምበት ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ በ1934 የተመሠረተ ሲሆን ስሙ ከሁለት አገር የተገጠመ ነው። ነጋሪት ከ«ነገረ» ነው፤ እየተመታ የሚናገር። ጋዜጣ በጣሊያንኛ አድርጎ የመጣ የቬኒስ ቃል ነው፤ በመጀመሪያ የትንሽ ሳንቲም ስም ነበር፣ የዜና ወረቀት መግዣ። ዛሬ ዐዋዲው አይዞርም፤ ፒዲኤፉ ይዞራል።

ሁለተኛው ቃል «ኪራይ»፣ የዐረብኛው «ኪራእ» ነው። አማርኛ ስሙን ተቀብሎ ዝም አላለም፤ «ክ-ር-ይ» የሚል ሥር አውጥቶለት እንደ ራሱ ልጅ አረባው፦ ተከራየ፣ አከራየ፣ ተከራይ፣ አከራይ። ልጁ እዚህ ላይ ሥጋት ነበረው። «በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ ጸሐፊው ቢሳሳት ባለቤቱ ተከራይ ይሆናል» አለኝ። እውነቱን ነው። «አ» ሰጪውን፣ «ተ» ተቀባዩን ታደርጋለች። አበዳሪና ተበዳሪ፣ አዋሰና ተዋሰም እንዲሁ ናቸው። መሸጥና መግዛት ግን ሁለት የማይዛመዱ ሥሮች አሏቸው። ተመልሶ የሚመጣ ነገር በአንድ ሥር ይሰጣል፣ ይወሰዳል፤ ሄዶ የሚቀር ነገር ሁለት ሥር ይጠይቃል። ደንቡ የአማርኛ ነው፤ በግዕዝማ «ሤጠ» ሸጠ፣ «ተሣየጠ» ገዛ ነበር፣ ሁለቱም ከአንድ ቤት። አማርኛ ሻጭና ገዢን ሲያፋታ አከራይና ተከራይን አላፋታም። በማያ ገጹ ላይ ሁለቱን በቀለም እንዲለያቸው መከርሁት።

«ውል» ሦስተኛው ነው። ፈታዩ ልቃቂት ይዞ ጫፉን ሲፈልግ «ውሉ ጠፋኝ» ይላል፤ ተከራካሪው ፍርድ ቤት ቆሞ «ውል አለኝ» ይላል። አማርኛ የሚናገር ጆሮ በአንደኛው ውስጥ ሌላውን ይሰማል፤ ውል የሌለው ነገር በሁለቱም በኩል የተወሳሰበ ነውና። ለዚህ ማረጋገጫ የሚመስል ነገር ከማላስበው ቦታ አገኘሁ። ውሉ የሚቀመጥበትን ኤሌክትሮኒክ ወረቀት ልጁ «ፋይል» ይለዋል፤ ፋይል በፈረንሳይኛ በኩል ወደ ላቲኑ «ፊሉም» ይመለሳል፣ ፊሉም ክር ነው። የድሮ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ወረቀታቸውን በክር ሰክተው ያንጠለጥሉ ነበር። ስለዚህ ውል በፋይል ውስጥ ሲቀመጥ ጫፉ ወደ ክሩ ተመለሰ ማለት ነው። የፍርድ ቤት ሽማግሌዎች የሚወዱት «ዶሴ» ግን ፈረንሳይኛ ሲሆን ከ«ዶ»፣ ከጀርባ ይወጣል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈበት የወረቀት እስር ነው። አንዱ በክር፣ አንዱ በጀርባ።

አሁን ወደ ጌጡ ደረስን፦ «መዝገብ»። በግዕዝ መዝገብ ገንዘብና ሀብት የሚከማችበት ግምጃ ቤት፣ ከዚያም የተከማቸው ሀብት ራሱ ነው። በወንጌሉ ብልና ዝገት ስለማያገኘው የሰማይ ሀብት ሲነገር ግዕዙ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ግሡ «ዘገበ»፣ አከማቸ ነው፤ «መ» የቦታ ባዕድ ፊደል ናት፦ ከቀደሰ መቅደስ፣ ከነበረ መንበር፣ ከዘገበ መዝገብ። መቅደስን አይቶ «መቀደሰ» የሚል ግሥ ያወጣ የለም። መዝገብ ላይ ግን አማርኛ ይህን አደረገ። ባዕዷን «መ» ሥር አድርጎ ቆጠራትና መዘገበ፣ ተመዘገበ፣ መዝጋቢ፣ ምዝገባ አለ። እንግዳዋ ፊደል ባለ ርስት ሆነች። የቀድሞው «ዘገበ»ም አልሞተም፤ ዘጋቢና ዘገባ ሆኖ ወደ ጋዜጠኞች ሠፈር ሄደ። መዝገበ ቃላት የምንለው የቃላት ግምጃ ቤት ነው፤ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን በ1948 የታተመ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው ስሙ ማጋነን እንዳልሆነ ያውቃል።

ይህን ለልጁ ስነግረው «ታዲያ መተግበሪያስ?» አለ፤ መልሱን ሳያውቅ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ። ግዕዝ «ገብረ» ሲል ሠራ ማለቱ ነው። ከእሱ በ«ተ» ተግባር ወጣ። አማርኛ የተግባርን «ተ» እንደ መዝገብ «መ» ሥር አድርጎ ተገበረ፣ ትግበራ፣ መተግበሪያ አለ። አንድ ዓይነት ምሕንድስና ሁለት ጊዜ። የገብረ ሌላው ልጅ ደግሞ «ግብር» ነው፤ በግዕዝ ሥራ፣ ምግባር። «በግብሩ ይታወቃል» ስንል ይህ አሮጌ ፍች ይናገራል። ከዚያ ሥራው ለጌታ የሚሠራ ሥራ፣ በእህልና በማር የሚከፈል ዕዳ ሆነ፤ ከፋዩ ገባር ተባለ፤ የገባው እህል ደግሞ በቤተ መንግሥት አዳራሽ ሲበላ ድግሱም «ግብር» ተባለ። ሥራው፣ ዕዳው፣ ድግሱ በአንድ ስም። ዛሬ የኪራይ ገቢ ግብር በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» ሥር ይሰላል። ስለዚህ ግብር የሚያሰላ መተግበሪያ የአንድ አባት ሁለት ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ሲሠሩ ማለት ነው።

«ሠንጠረዥ»ን ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም። ይህ ቃል የጨዋታውም ስም መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ከሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» ተነሥቶ በፋርስ «ቻትራንግ»፣ በዐረብ «ሸጥረንጅ» እየተባለ የመጣ ነው፤ የመጀመሪያ ትርጉሙ ባለ አራት ክፍል፣ ማለት ባለ አራት ክፍል ሠራዊት ነው። ከጨዋታው ስም የጨዋታው ገበታ፣ ከገበታው ባለ ካሬ ሥዕል ሁሉ ሠንጠረዥ ተባለ። ልጁ ዳታቤዝ ውስጥ «ቴብል» የሚለውን ሠንጠረዥ በል አልሁት፤ አከራይ በአንድ ካሬ፣ ተከራይ በሌላው፣ ንጉሡ ገቢዎች። ሳቀ፣ ተቀበለም። ዳታቤዙን ራሱን «ቋት» ብሎታል፤ እህል የሚጠራቀምበትን ዕቃ ስም። ዘገበ ያከማቸውን ቋት ይይዘዋል።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን «ንብረት» ነው። የመተግበሪያው ዋና ገጽ «የንብረት አስተዳደር» ይላል። ግዕዝ «ነበረ» ተቀመጠ፣ ኖረ ነው፤ ንብረትም አቀማመጥ፣ አኗኗር ነበር። አማርኛ ከዚህ ሥር ምን ያላደረገው አለ? «ነበር» ብሎ ያለፈ ጊዜ መንገሪያ አደረገው። «በ»ን ወደ «ወ» አላልቶ ነበረን ኖረ አደረገው፤ ከዚያ ኑሮ፣ ነዋሪ፣ መኖሪያ። መንበርን ወንበር አደረገው። በመጨረሻ ንብረትን ሰው ተቀምጦበት የሚኖረው ሀብት አደረገው። የመኖሪያ ቤት፣ ነዋሪ፣ ንብረት፣ ወንበር፣ ነበር፦ አንድ ሥር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ንብረትን ተንቀሳቃሽና የማይንቀሳቀስ ብሎ ይከፍለዋል። የግዕዝ ሊቅ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት «የማይንቀሳቀስ መቀመጥ» ነው፣ ድግግሞሽ። ተንቀሳቃሽ ንብረት ደግሞ «እየሄደ የሚቀመጥ» ነው፣ እንቆቅልሽ። ኪራዩ የሚገባበት «ባንክ»ም ከዚህ አይርቅም፤ የጣሊያን ገንዘብ መንዛሪዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር፣ «ባንኮ»፣ ነበር። አከራይ ንብረት ይላል፣ ተከራይ ኑሮ ይላል። ሕጉ በሁለቱ መካከል ቆሞ ያስማማል፤ ቃሉ ግን ከመለያየታቸው በፊት አንድ እንደነበሩ ያስታውሳል።

ስለ ሀብት ካነሣን «ትርፍ» አለ። ተረፈ ማለት ቀረ፣ ከጥፋት ዳነ ነው። ነጋዴ ትርፍ ሲል ደስ ይለዋል። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 «ትርፍ ቤት» ሲል ግን ያው ቃል የሚወረስ ቤት ስም ሆነ። ከ100 ብር የማይበልጥ ኪራይ የነበራቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የነበሩት ወደ ኪራይ ቤቶች ድርጅት። «የቀበሌ ቤት» እና «የኪራይ ቤቶች» የሚሉት ሁለት ስሞች ከዚያች መስመር የተወለዱ ናቸው። ልጁ ከ«የቤቱ ዓይነት» ሥር ሲዘረዝራቸው የ100 ብር ድንበር እየጻፈ መሆኑን አላወቀም ነበር። ከታቻቸው «ኮንዶሚኒየም» አለ፤ አዋጅ 370/1995 «የጋራ ሕንፃ» ይለዋል። ላቲኑ «ኮን» አብሮ፣ «ዶሚኒየም» ጌትነት ነው፤ ዶሚኒየም ደግሞ ከ«ዶሙስ»፣ ከቤት ይወርዳል። ሰፈሩ «ኮንዶ» ብሎ ሲያሳጥረው ቤቱን ከወገቡ ቆረጠው።

ቤት ያገናኘው «ደላላ» በዝርዝሩ ላይ አልነበረም፤ አስገባሁት። የዐረብኛው «ደላል» ከ«ደለ»፣ መንገድ አሳየ፣ መራ ነው። አማርኛ ውስጥ ግን «ደለለ» የሚል ሌላ ግሥ ተቀምጦ ጠበቀው፤ መደለልና መደለያ ያለበት። እንግዳው ቃል ከባለ አገሩ ጋር ድምፁ ገጠመና ስሙ ሳይበድል ተጠረጠረ። የሚገርመው፣ ከመንግሥት በኩል የሚመጣው «መመሪያ» ከ«መራ» መሆኑ ነው። ምሪት የምንለው የተመደበ ቦታም ከዚሁ ነው። በመንገድ ላይ ደላላ፣ በቢሮ መመሪያ፤ ሁለቱም በስማቸው መንገድ አሳዮች ናቸው።

በምናሌው አናት ላይ «ሕግ ተገዢነት» የሚል ክፍል አለ፤ ሶፍትዌሩ ሁሉ የተሠራበት ምሰሶ እሱ ነው። እዚህ አማርኛ የማይደበቅ ነገር ይናገራል። «ገዛ» ቤት ገዛ፣ አገር ገዛ ነው። «ገዢ» ባለ ገንዘቡም ባለ ሥልጣኑም ነው። ከበስተኋላው ግዕዙ የ«ግ-ዝ-እ» ሥር አለ፤ ጌትነት፣ ባለቤትነት። እግዚእ ጌታ ነው፤ እግዚአብሔርም የብሔር፣ ማለት የአገር የምድሩ ጌታ። «ተገዛ» ግን ሁለት ጊዜ ይሰማል፦ ቤቱ ተገዛ፣ ሰውዬው ተገዛ። ቤት የገዛ ሰው በዚያው ቤት ምክንያት ለሕግ ይገዛል፤ በአንድ ግሥ መጀመሪያ አድራጊ፣ ቀጥሎ ተደራጊ ነው። ልጁ ስሙን «ሕግ ማክበር» ሊለው አስቦ ነበር፤ ያለሰልሳል ብሎ። እንዳይነካው ነገርሁት።

ተገዢነት የሚታየው በሚሰረዘውና በማይሰረዘው ነው። ልጁ የተሳሳተ መስመር ለማጥፋት አንድ ቁልፍ ሠርቶ ስም ጠየቀኝ። አማርኛ ሦስት አለው። «ፋቀ» የብራና ጸሐፊው ነው፤ የተሳሳተውን በምላጭ ይፍቃል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ በብርሃን ፊት ሲያዙት ግን ይታወቃል። «ደመሰሰ» ምልክት አያስቀርም። «ሰረዘ» መስመር ያሰምርበታል፤ የቀድሞው ሥሩ ይነበባል። ተቆጣጣሪ የሚፈልገው ሦስተኛውን ነው፦ ማን ሰረዘ፣ መቼ፣ ምን ነበር። ለዘመናት በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» የሚባለው ፍርሃት የመጣው ሰረዙ ራሱ ወንጀል ስለሆነ አይደለም፤ ያልተፈረመበት ሰረዝ ስለማይታመን ነው። ቁልፉ «ሰርዝ» ተባለ፤ ከሥሩም ምክንያት የሚጻፍበት ሳጥን መጣ።

ከዚያ «መረጃ» እና «ማስረጃ»። ሁለቱን እያቀያየረ ይጽፋቸው ነበር። መረጃ ከተረዳ፣ ማስረጃ ከአስረዳ ናቸው፤ እዚህም «ድ» ወደ «ጅ» ለዝባለች። መረጃ አንተ የምትረዳበት፣ ማስረጃ ሌላውን የምታስረዳበት ነው። ተከራዩ በየወሩ መክፈሉን ማወቅ መረጃ ነው፤ ማሳየት ማስረጃ። ለመዝጋቢው የመጀመሪያው ይበቃው ይሆናል፤ ለዳኛው አይበቃውም። «ሰነድ»ም በዚሁ ወገን ነው። በዐረብኛ «ሰነድ» ድጋፍ፣ መደገፊያ ነው፤ ነገር የሚደገፍበት ወረቀት። «ወረቀት» ደግሞ ከ«ወረቃ»፣ ከቅጠል ነው። ቅጠል ላይ የተደገፈ ቤት ማለት ይህ ነው።

የሰነዱ ጌጦች ደግሞ ከባሕር ማዶ ናቸው። «ፊርማ» ጣሊያንኛ ነው፤ ላቲኑ «ፊርሙስ» ጽኑ ማለት ስለሆነ መፈረም ማጽናት ነው። አማርኛ ይህን ስም ይዞ ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ ብሎ እንደ ራሱ ግሥ አረባው፤ ማንም እንግዳ መሆኑን አያውቅም። አዋጅ ቁጥር 1072/2010 «ኤሌክትሮኒክ ፊርማ» ሲል ግን ቃሉ እጅና ቀለም የሌለበት ሆኖ «ጽኑ» የሚለው ፍች ብቻ ቀረለት። «ማኅተም» ግን የግዕዝ ነው፤ ከኀተመ፣ አሸገ። ኅትመትና ማተሚያ ቤትም የእሱ ናቸው። «ካርታ» የጣሊያን ወረቀት ነው፤ በእኛ አገር የዓለም ሥዕል፣ የቁማር ወረቀት፣ ከሁሉ በላይ የቦታ ይዞታ ማረጋገጫ ሆነ። የካርታ አያት የግሪኩ «ኻርቴስ» ነው። ግዕዝም ይህንኑ ቃል «ክርታስ» ብሎ ከብዙ ዘመን በፊት ተቀብሎት ነበር። አንድ የግሪክ ወረቀት ሁለት ጊዜ ኢትዮጵያ ገባ፤ አንዴ ለመጽሐፍ፣ አንዴ ለመሬት።

ማሽኑን ቃል ብቻ ሳይሆን ፊደልም ይፈትነዋል። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ብለው የጻፉ ሦስት ሠራተኞች አንዱን ተከራይ ሦስት ሰው ያደርጉታል። ልጁ ሞክሼዎቹን ፊደላት አንድ አድርጎ ማከማቸት ፈልጎ ነበር። ተቃወምሁ፤ ሠረቀ (ፀሐይ ወጣ) እና ሰረቀ (የሰው ዕቃ ወሰደ) በመዝገብ ላይ አንድ ከሆኑ ነገር ይበላሻል። ተስማማን፦ ሲቀመጥ ባለቤቱ እንደጻፈው፣ ሲፈለግ ሞክሼዎቹ ሁሉ እንደ አንድ። ከውጭ የገለበጠው ቅጽ ላይ የነበረው «የቤተሰብ ስም» ሳጥንም ወጣ፤ የአባትና የአያት ስም ገባ። የዘመን አቆጣጠሩም አስቸግሮት ነበር። «ወር» ጨረቃ ነው፣ ግዕዙ ወርኅ፤ የወር ኪራይ የጨረቃ ኪራይ ነው። «ጳጉሜን» ግን ከግሪክ «ኤፓጎሜናይ»፣ የተጨመሩ፣ ይመጣል። አሥራ ሁለቱ ወር ኪራይ ይከፈልባቸዋል፤ የተጨመሩት አምስት ወይም ስድስት ቀናት ግን ኪራይ የላቸውም። የሁለት ዓመት ውል 24 ወር ሲሆን ቀናቱ ሲቆጠሩ ይተርፋሉ። ፕሮግራሙ ለእነዚያ ቀናት ደረሰኝ ሊቆርጥ ሲሞክር በጊዜ ያዝነው።

«ደረሰኝ»። አማርኛ ካወጣቸው ስሞች ይህን የሚያህል ተንኮለኛ የለም። ደረሰ-ኝ፣ «ወደ እኔ መጣ»፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ገንዘብ የተቀበለ ሰው በወረቀት ላይ «ደረሰኝ» ብሎ ይፈርማል፤ ወረቀቱ በላዩ በተጻፈው ቃል ተጠራ። ከዚያ «ኝ» ተናጋሪዋን ረስታ ሥር ውስጥ ገባች፦ ደረሰኙ፣ ደረሰኞች፣ የእሱ ደረሰኝ። ለእሱ የደረሰው «ለእኔ ደረሰ» ተብሎ ይጠራል። ዘመዶች አሉት። «ይግባኝ» የለመነ ሰው ድምፅ ነው፤ «ይለፍ» የዘበኛ ትእዛዝ። «ይሁንታ» ይሁን ያለ ሰው ነው፤ «ይሉኝታ» ደግሞ «ይሉኛል» ብሎ የፈራ። አማርኛ ሰው ሲናገር ያደምጣል፣ ከዚያ የተናገረውን ዕቃ ያደርገዋል።

የኪራይ አዋጁ ቁጥር 1320 ነው፤ 1321 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ነው፣ የዚያው ዓመት። አንዱ መዝግብ ይላል፣ ቀጣዩ የመዘገብኸውን ጠብቅ። በቁጥር ጎረቤት ናቸው። «ጎረቤት» ራሱ ግዕዙ ጎር፣ ጎረቤት፣ ከቤት ጋር ተገጥሞ የወጣ ነው።

እንግዲህ ወደ «ቤት» ደረስን፤ ሆን ብዬ መጨረሻ አስቀመጥሁት። ፊደሉ «በ» ስሙ ቤት ነው፤ ቅርጹም ወለል የሌለው በር ይመስላል። ገጣሚው ቤት ይመታል፣ ቤት ይደፋል። ግሡ ግን ዝምተኛ ነው፦ ግዕዝ «ቤተ» ሲል አደረ ማለቱ ነው፤ ዐረብኛውም «ባተ»። ቤት ማደሪያ ነው። «አደረ» ደግሞ የግዕዙ «ኀደረ» ነው፤ ጉሮሮ ላይ ያለችው «ኀ» ላልታ ጠፋች። ከእሱ ትዳር፣ መተዳደሪያ፣ አርሶ አደር ወጡ፤ አስተዳደረም ከዚያው። የቤት አስተዳደር ስንል ሌሊቱን ሁለት ጊዜ እየጠራን ነው። የ«ኀ»ዋ ምስክር ግን በ«ማኅደር» ቀረች። ማኅደር በግዕዝ ማደሪያ፣ መኖሪያ ነው። አማርኛ መጽሐፍ የሚታቀፍበትን የቆዳ ከረጢት ማኅደር አለው፣ ከዚያም በመሥሪያ ቤት የአንድ ሰው ወረቀቶች የሚቀመጡበትን አቃፊ። ሰው የሚያድርበት ቤት፣ ወረቀት የሚያድርበት ማኅደር።

ግሪክም ይህንኑ መንገድ አንዴ ሄዳለች። «ዲፍቴራ» የተለፋ ቆዳ ነው። ቆዳው ተወጥሮ ድንኳን ሲሆን ግዕዝ «ደብተራ» አለው፤ ደብተራ ኦሪትም የኦሪቱ ድንኳን ነው። ቆዳው ተጽፎበት ሲጠረዝ ዐረብኛ «ደፍተር»፣ እኛ «ደብተር» አልነው። አንዱ ቆዳ ቤት ሆነ፣ አንዱ መዝገብ። ልጁ ከዚህ በኋላ ለፕሮግራሙ ስም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ «ማኅደር» ብሎ በ«ኀ» ጻፈው። «ሰዎች በሀሌታው ቢፈልጉትስ?» አልሁት። «ያገኙታል፤ ፍለጋው ሞክሼ ያውቃል» አለኝ።

አርባውን ቃል ከነሥራቸው በአንድ ማኅደር አድርጌ ማታ በቴሌግራም ላክሁለት። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ በአንድ ቃል መለሰ፦ «ደረሰኝ»። ግሥ ይሁን ስም አልጠየቅሁትም።